ሻጩ ተኝተዋል

በዚያን ዓመት እንጅባራ ውስጥ ስለ ግብር የጨነቀው ሰው ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። የግብር ሠራተኛ አልነበርሁም፤ የሒሳብ ሰውም አይደለሁም። ሃያ ዓመት ታሪክ አስተምሬ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተጣልቼ የወጣሁ፣ ከመጻሕፍት በቀር ጥሪት የሌለኝ፣ ሰው ሁሉ «አዎ» ሲል «እስቲ ቆይ» ማለት የሚጥመኝ ጎልማሳ ነኝ። ወደ ግብር ያስገባኝም ይኸው አመሌ ነው። የነበሩኝን ጥቂት የባንክ አክሲዮኖች ሸጥሁና የተጠየቅሁት ግብር በዝቶ ታየኝ። አዋጁን ፈልጌ፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ከዚያ ገብቼ አንቀጽ እየጠቀስሁ ተከራከርሁ፤ አሸነፍሁም። ያሸነፍሁት ግን ስሌቱ የተሳሳተ መሆኑን ነበር፤ ሲታረም የምከፍለው ጨመረ። ደረሰኙን የሰጠችኝ ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

ከተማው ይህን ሰማ። የራሱን ኪስ የሚጎዳ እውነት ያወጣ ሰው ደግሞ ይታመናል። «አክሲዮን ስሸጥ የምከፍለው ከሸጥሁበት ዋጋ ሁሉ ነው ወይስ ከትርፉ?» «አጎቴ ያወረሰኝ ነው፤ በስንት እንደገዛው አላውቅም፤ ምን ብዬ ልናገር?» «በአንዱ ከስሬ በሌላው ባተርፍ ይቻቻልልኛል?» ጠያቂው ይለዋወጣል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። መመለስ ሲሰለቸኝ በሁለት ገጽ ጻፍሁት፤ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ከነመልሱ። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እያባዛ ይሸጠው ጀመር። ለእኔ የደረሰኝ ሳንቲም የለም፤ ዳንግላ ድረስ ግን በሰው ኪስ ታጥፎ አየሁት።

ስምንተኛው ጥያቄ ስለ መኖሪያ ቤት ነበር። ሰው ራሱ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሙሉ በሙሉ የኖረበትን ቤት ሲሸጥ ከትርፉ ግብር አይጠየቅም፤ ያልኖሩበት ወራሾች ሲሸጡት ግን ሊጠየቁ ይችላሉ ብዬ ጻፍሁ። ከዚህ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ የምትኖረውን ሚስት ድርሻ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ነበር። ገጹ ሞላብኝና አውጥቼ ጣልሁት። በቦታው አንዲት ዐረፍተ ነገር አስገባሁ፤ «ስለዚህ ቤታችሁን ለመሸጥ ያሰባችሁ በቁማችሁ ሽጡ፤ ሙት ሻጭ ለግብር አይመችም።» የቀሩትን መልሶች የሚያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም። ይህችን ግን በጠጅ ቤትም በሠርግ ቤትም እየጠቀሱ ሲስቁባት ሰምቻለሁ። እኔም የማላውቅ መስዬ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን ነው። በሐምሌ እንጅባራ ላይ ጉሙ ከጧት ይወርድና ቆርቆሮው ላይ ይተኛል። ባጃጅ መምጣቷን በድምፅዋ እንጂ በመብራቷ አታውቁትም። ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ጌትነት ነበር፤ ዐሥረኛ ክፍል ያስተማርሁት፣ አሁን የግንባታ ዕቃ የሚነግድ፣ ሥራውን ወደ ባሕር ዳር ለማዛወር ጓዙን የሸከፈ ሰው ነው።

«መምህር፣ አባባ ቤቱን ዛሬ ሊሸጡ ነው። ለእማኝነት እርስዎን ብለዋል» አለኝ።

አባቱን ጋሽ ተሻለን አውቃቸዋለሁ። በመንገድ ጥገና ሥራ ያረጁ ጡረተኛ ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ቤቱን ራሳቸው ያቆሙት ነው፤ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ይላል። ገዢው የአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ነጋዴ ሲሆን ቦታውን ለመጋዘን ፈልጎታል። በሽያጩ ዋጋ ዳንግላ ላይ፣ ከሴት ልጃቸው ደጅ፣ አንዲት ትንሽ ቤት ሊገዛ ነው። ምክንያቱ እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ የጋሽ ተሻለ ሚስት። ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። ባላቸው ካረፉና ልጃቸው ባሕር ዳር ከሄደ፣ እዚህ ጉም ውስጥ በዳበሳ ብቻቸውን መቅረታቸው ነው። የዚህኛው ቤት ዋጋ የዳንግላውን የሚበልጠው በጥቂት ብቻ ነበር፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሻጩ ከአልጋ ስለማይነሡ፣ ውል የሚያረጋግጠው ሹም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቤታቸው ድረስ ሊመጣ ተስማምቷል። ጌትነት ግን አሁኑኑ እንድመጣ ለመነኝ። «እርስዎ እቤት ውስጥ ከዋሉ ሹሙም ገዢውም ነገር አያበዙም» አለ። ኩራት ተሰማኝ። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ።

በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሳሎን አስገብቶ ወንበር ሰጠኝ። መኝታ ቤቱ ከሳሎኑ የሚለየው በመጋረጃ ብቻ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት ያወራል። ሰላም ልበላቸው ብዬ ስነሣ ጌትነት ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«አሁን ገና ነው የተኙት። ሌሊቱን ሲቃትቱ ነው ያደሩት።»

ተቀመጥሁ። ቤቱ ከውጭው ይልቅ ይበርዳል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ መከፈቱን ያወቅሁት በመጋረጃው ነው፤ ይነፋል፣ ይረግባል፣ ደግሞ ይነፋል፤ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚተነፍሰው እሱ ብቻ መሆኑን አላወቅሁም። በሽተኛ ተኝቶ መስኮቱ ለምን ተከፈተ ብዬ ስጠይቅ ጌትነት አባባ ሙቀት እንደሚያፍናቸው ነገረኝ። ይህን ሲለኝ አፉ ላይ እንፋሎት ይታየኝ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ከጓዳ ወጡ። እንደምን አደሩ ስላቸው የመለሱልኝ ድምፅ በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣ ይመስላል፤ አንድ እጃቸው ጉሮሯቸው ላይ ነበር፤ ከዚያም አልወረደም። ነጠላቸውን ያጣፉት ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ዘቅዝቀው ነው፤ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው።

«እማ፣ ነጠላሽ» አላቸው ጌትነት።

ጎንበስ ብለው አዩት። ገልብጠው አስተካከሉት። የዓይናቸው ድካም ነው ብዬ አዘንሁላቸው። ብዙ ያነበበ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ለሚያየው ነገር ሁሉ ማብራሪያ አያጣም።

ሰዓቱ መሄድ አቃተው። ጌትነት ውሉን አውጥቶ አስነበበኝ። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋ፣ የቦታው ስፋት፤ ከታች ለሻጩ አውራ ጣት የተተወ ባዶ ቦታ። ጋሽ ተሻለ ስማቸውን መጻፍ ያውቃሉ፤ ለምን በጣት ሆነ አልሁት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል አለኝ። ድምፃቸውም ከትናንት ጀምሮ ስለተዘጋ፣ ሹሙ ሲጠይቃቸው በራስ ንቅናቄ እንደሚመልሱ፣ እሱም ራሱ ከጀርባ ደግፎ እንደሚያቀናቸው አስረዳኝ። ነገሩ ሁሉ ታስቦበታል። ያኔ የተሰማኝ እንደዚያ ያለ ጠንቃቃ ተማሪ ማፍራቴ ብቻ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እማማ ጥሩነሽ በጎድጓዳ ሳሕን አጥሚት ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። በአገውኛ ሲያባብሉ ሰማሁ። ብዙም ሳይቆዩ ሳሕኑን ባዶውን ይዘው ወጡ።

«ዛሬ እንኳ ጨረሱት፤ ተመስገን» አለ ጌትነት፤ ለእናቱ ሳይሆን ለእኔ።

ትንሽ ቆይቼ ለሽንት ወደ ጓሮ ወጣሁ። በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ሦስት ዶሮዎች ተጋፍተው ይለቅማሉ። መሬቱ ላይ የፈሰሰው አጥሚት ገና ይተን ነበር። ቆሜ አየሁት። ሽማግሌው መዋጥ አቅቷቸዋል፣ ቤተ ሰቡ ደግሞ እንግዳ ፊት አፍሯል፤ ይህችንም አብራራኋት። ሆኖም መስኮቱ በክንዴ ርቀት ላይ ክፍት ሆኖ ሳለ ወደ ውስጥ አልተመለከትሁም። ለምን እንዳልተመለከትሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። እግሮቼ ግን ከእኔ ቀድመው ያወቁት ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ፈጥነው ወደ ሳሎን መለሱኝ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ኔትወርክ ጠፋ። ጌትነት ሹሙ መነሣት አለመነሣቱን ለማወቅ ወደ መንገዱ መውጣት ነበረበት። እኔን አየ፣ እናቱን አየ፣ መጋረጃውን አየ። «መጣሁ። እንዳትቀሰቅሷቸው» ብሎ ወጣ።

እማማ ጥሩነሽ ወዲያው ወደ ውስጥ ገቡ። ሬዲዮው ጠፋ። ከዚያ ወሬ ተጀመረ።

እናቴ አገው ናት፤ ቋንቋውን እሰማለሁ፣ ስናገረው ግን ሰው ይስቅብኛል። በረደህ ወይ ብለው ጠየቁ። ዝም አሉ። ዝምታው አንድ ሰው አስቦ የሚመልስበትን ያህል ነበር። ከዚያ እሺ አሉ። ትንሽ ናት የቀረችው፣ ቻላት አሉ። ደግሞ ዝም። ቀጥሎ የሰማሁት አጭር ሳቅ ነው፤ ሰው ያላሰበውን ነገር ሲሰማ እንደሚስቀው። ጆሮዬን ሰጥቼ የሌላውን ሰው ድምፅ ፈለግሁ። ሹክሹክታ፣ ሳል፣ የአልጋ ሲጢጥ ማለት፣ ምንም የለም። የሴትዮዋ ንግግር ግን ለብቻው የሚያወራ ሰው ንግግር አልነበረም። በመካከሉ የሚቆሙት ልክ ሌላው በሚናገርበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ተቋርጠው፣ «የለም የለም፣ እንደሱ አላልሁም» ብለው አረሙ። የክንዴ ጠጉር ካፖርት ውስጥ ሆኖ ሲቆም ተሰማኝ።

«መምህር፣ ይግቡ» አሉኝ በአማርኛ።

ገባሁ። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን ሞልቶታል። ጋሽ ተሻለ ሁለት ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ራሳቸው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸው ብቻ ብርድ ልብሱ ላይ ወጥቷል። እንዳደግሁበት ልማድ ጎንበስ ብዬ፣ «ጋሽ ተሻለ፣ እንደምን ዋሉ» አልሁና እጃቸውን ያዝሁ።

ብርድ ብቻ ቢሆን ክፍሉም ይበርዳል። ግን እጁ ሳነሣው አልተነሣም፤ ክንዱም፣ ትከሻውም፣ ሰውየው ሁሉ አብሮ ነው ንቅንቅ ያለው፤ እንደ አንድ እንጨት። ለቅቄው ሳየው አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ተነጥሎ ቀጥ ብሏል። እንዳይታጠፍ በማንኪያ እጀታ ላይ በነጭ ክር ታስሯል። ጫፉ ላይ የማኅተም ቀለም ተቀብቷል።

ወደ ኋላ ስል ጀርባዬ ከግድግዳው ተጋጨ። እማማ ጥሩነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እኔን ሳይሆን እኔ ያለሁበትን አቅጣጫ ያያሉ።

«ሲነጋጋ ነው» አሉ። «እጄን ይዞ ነበር። ልጮህ አፌን ስከፍት ጌትነት በመዳፉ ከደነው። አባቴ ሳይፈርም ሞተ ከተባለ ከቤቱ ዋጋ ከመቶ ዐሥራ አምስቱ ይቆረጣል፤ የዳንግላው ቤት ቀረ ማለት ነው አለኝ። ልጄም እያለቀሰ ነበር፣ አይፍረዱበት። ከዚያ ጀምሮ አፌን ይዤ አለሁ።»

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። ማየት አላስፈለገኝም፤ አጣጠፉን አውቀዋለሁ። ስምንተኛው መልስ በቀይ እስክሪብቶ ተሠምሮበታል።

«እኔ አላነብም። የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እስቲ ይንገሩኝ መምህር፣ የሞተ ሰው ለምንድን ነው የማይመቸው?»

በሕይወቴ ከተጠየቅሁት ጥያቄ ሁሉ መልስ ያላዘጋጀሁለት ይህ ብቻ ነው። ቀልድ ነበር ብዬ ጀመርሁ። «ቀልድ» የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፌ ወጥቶ የሚያርፍበት አጣ። እሳቸው አልተቆጡም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቀሪውን ጠበቁ። ቀሪ እንዳለው ያመኑ መሰለኝ።

በዚህ መካከል ጌትነት ገባ። እኔን ከመጋረጃው ጀርባ ሲያየኝ ቆመ፤ የጠበቅሁት ቁጣ ግን አልመጣም።

«ነገረችዎ» አለ። «ይሻላል። ሹሙ ተነሥቷል፣ ገዢውም አብሮት ነው። አሁን ይደርሳሉ። እርስዎ ከጧት ጀምሮ እዚህ ነበርሁ፣ ሰውየው ደክመዋል እንጂ ደኅና ናቸው ካሉ፣ ነገሩ በዐሥር ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ እናለቅሳለን።»

«ጌትነት፣ የሞተ ሰው ነው።»

«አባቴ ነው፤ መሞቱን እርስዎ አይነግሩኝም። ትናንት ማታ በዚህ አልጋ ላይ፣ በራሱ አፍ፣ እሸጣለሁ ነገ ይምጡ ብሏል። ፈቃዱ ነበረ። ዋጋውን ተስማምቷል። የጎደለችው ጥቂት ሰዓት ናት። እኔ ያደረግሁት እርስዎ እንደጻፉት ነው፤ በቁሙ እንዲሸጥ ነው።»

«ያ እኮ ለማሳቅ ነው።»

«በግብር ላይ ይቀለዳል?» አለኝ። እውነቱን ነበር።

አሁን የማልኮራበትን ልናገር። ዕድሜዬን ሙሉ ማኅተምንና ፊርማን ስሳለቅባቸው ኖሬያለሁ። የሰው ፈቃድ ከወረቀት ይበልጣል ብዬ በየስብሰባው ተከራክሬያለሁ። ጌትነት ያን ክርክሬን ነው ይዞ የመጣብኝ። ሽማግሌው ሊሸጡ ፈልገዋል፤ ሚስታቸው ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ ማን ተጎዳ? እጄን ሳየው ጌትነት ያቀበለኝን እስክሪብቶ ይዟል። በዚያች ደቂቃ ሳስብ የነበረው ስለ ኃጢአት አይደለም፤ ስሜን ከላይ ልጻፈው ወይስ ከታች የሚለውን ነበር። ሰው ወደ ክፉ ነገር የሚገባው እንዲህ ነው፤ በአፈጻጸም ጉዳይ።

ከታች ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፤ ጉሙ ውስጥ ሆኖ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም። ጌትነት ከአልጋው ጀርባ ገብቶ አባቱን በትከሻቸው ሊያቀና እጁን ዘረጋ።

ያን ጊዜ እማማ ጥሩነሽ ወደ ተኛው ሰው ጎንበስ ብለው እኔ በማልሰማው ሹክሹክታ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ዝም አሉ። ጠበቁ። እኔም፣ ምዬ መናገር እችላለሁ፣ ጌትነትም፣ ሁለታችንም መልሱን ጠበቅን። የጌትነት እጅ በአየር ላይ ቀርቶ ነበር። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰምቶ እንደተቀበለ ሰው።

አእምሮዬ የተፈታው በዚህ ነው። የጣልሁት አንቀጽ፣ ገጽ ሞላብኝ ብዬ ያወጣሁት፣ ቃል በቃል ፊቴ መጣ።

«እማማ፣ በዚህ ቤት ስንት ዓመት ኖሩ?» አልኋቸው።

«ጌትነት ሳይወለድ ነው የገባነው።»

«ቤቱን ስታቆሙት በትዳር ነበራችሁ?»

«ጭቃውን ማን ረገጠ ይመስልዎታል?»

«እንግዲያ ግማሹ ከያኔም ጀምሮ የእርስዎ ነው፤ የኖሩበትም እርስዎ ነዎት። ድርሻዎን ሲሸጡ በሕይወት ያሉ፣ የኖሩበትን የሚሸጡ ሻጭ ነዎት። የጋሽ ተሻለ ድርሻ ወደ ወራሽ ሲተላለፍ ውርስ እንጂ ሽያጭ አይደለም፤ ስለ ተላለፈ ብቻ ይህ ግብር አይከፈልበትም። ልጆቹ በኋላ የእነሱን ሲሸጡ ቢጠየቁ እንኳ ከትርፉ ነው፤ ከዋጋው ሁሉ አይደለም።» ወደ ጌትነት ዞርሁ። «ከመቶ ዐሥራ አምስት ያልኸው ከሙሉ ዋጋው አስበህ ነው አይደል?»

መጀመሪያ ያወረደው እጁን ነው፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ወረቀቱ ላይ የለም» አለ።

«የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ባጃጇ ደጁ ላይ ቆመች። እማማ ጥሩነሽ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ወደ ልጃቸው አይደለም፤ ወደ እኔ ነው።

«ታዲያ አሁን ማልቀስ እችላለሁ?» አሉ።

ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸው ከእኔ ደንበኞች ድምፅ አይለይም። ይፈቀዳል ወይ፣ ጉዳት የለውም ወይ፣ ሰዓቱ ደርሷል ወይ። ቃል ፈለግሁ፤ የወጣልኝ «ያልቅሱ» የምትል ብቻ ናት።

ወዲያው አላለቀሱም። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ማንኪያውን አነሡ። አውራ ጣቱን በነጠላቸው ጫፍ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀለሙ እስኪለቅ ጠረጉት። ጋቢውን ከባላቸው ግንባር ገለጥ አድርገው አዩዋቸው። ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሱ በሳሎኑ አልፈው፣ ደጅ ላይ ከቆሙት ሁለት ሰዎች ፊት ወጡ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የታፈነው ጩኸት ሲወጣ በሰው ጉሮሮ የሚያልፍ አይመስልም ነበር። ጓሮ ያሉት ዶሮዎች ተበተኑ። ጉሙ ውስጥ ከማይታዩ ቤቶች፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፣ የሴቶች ድምፅ መለሰላቸው።

ሹሙ ፎልደሩን ብብቱ ሥር ከትቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ምንም አልጠየቀም። ነጋዴውም አልጠየቀም። በዚያው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች በሚኒባስ ዳንግላ ወርደው ለጋሽ ተሻለ ሴት ልጅ መርዶ ነገሩ፤ በማግሥቱ ጋሽ ተሻለን ቀበርናቸው። ጌትነት እስከ ቀብሩ ከሬሳው አጠገብ አልተለየም፤ ሰው ሁሉ አባቱን የሚወድ ልጅ ነው አለው። እሱም እውነት ነው።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ትምህርት እንድሰጣችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ትምህርት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ ያስፈራኛል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ያቺን ወረቀት ለመሰብሰብ ሞክሬ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ «ስንቱን አባዝተናል መምህር፣ ማን ያስታውሳል» አለኝ። አሁንም በየሰው ኪስ አለች፤ በእናንተም እጅ ልትኖር ትችላለች። ካለች ቅደዷት። ያሳጠርሁት መልስ የሰው ቤት ገብቶ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። የተማረ ሰው ሲቀልድ ያልተማረው ይስቃል ብዬ አምን ነበር። ሳቁ ጭንቀት ለሌለበት አንባቢ ነው፤ ችግር ያለበት ሰው የሚያነበው ለመሳቅ አይደለም፣ የሚጨብጠው ለማግኘት ነው። ዛሬ ስለ አክሲዮንም ሆነ ስለ ቤት የጠየቀኝን ሰው መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ መቼ ገዛችሁት፣ ማን ኖረበት፣ ማን ታሟል፣ ማን ተቀምጦ ይጠብቃል። ሕጉም ይሻሻላልና ዐዲሱን እዩ እላለሁ። ጠያቂዎቼ ቀነሱ። አሰልቺ ሆነሃል ይሉኛል፤ ሆኛለሁ።

ቤቱ የወራሽነቱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ተሸጠ። እማማ ጥሩነሽ የኖሩበት መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ተጠየቁ፤ አቀረቡ። ጌትነትም የድርሻውን ተጠይቆ ከፈለ፤ ከፈራው በብዙ ያነሰ ነበር። የዳንግላው ቤት ተገዛ።

ከዚያ በፊት፣ በአርባው ዕለት፣ ሰው ሲበተን ይቅርታ ልጠይቃቸው አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ለቅሶዎን ያሳፈንሁዎ እኔ ነኝ አልኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ፈልገው አገኙት።

«አይዘኑ» አሉኝ። «ጩኸቱ ከተጀመረ በኋላ የሀገር ሬሳ ሆነ፤ ለእኔ አንድም ጊዜ አልደረሰኝም። ያን ቀን ግን እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የእኔ ብቻ ነበር። ብዙ አወራን።»

«አወራችሁ?»

«አወራን እንጂ። መጨረሻ ላይ እርስዎ ቆመው ሳለ እንኳ የጠየቅሁትን መልሶልኛል።»

መጠየቅ እንደሌለብኝ እያወቅሁ ጠየቅኋቸው፤ ምን አሉ?

እማማ ጥሩነሽ ፈገግ አሉ።

«ብነግርዎ ይጽፉታል» አሉኝ።